«ያንቺ ነው» የምትለው ሊቤሮ

ማረን ሲድላክ ኳስ አትፈራም። ይህን አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በዚያ መኸር የነብራስካዋ ትንሽ ከተማ የሆስቲን ሰው ሁሉ ልጅቷ ኳስ ትፈራለች ብሎ ደምድሞ ነበር።

ያደገችው የአባቷን የበቆሎ ጎተራ በኳስ እየደበደበች ነው። ጎተራው ክብ ነው፤ ግድግዳው ደግሞ ሽንሽን ቆርቆሮ። እንዲህ ያለ ግድግዳ ላይ የተመታ ኳስ በየት በኩል እንደሚመለስ ጎተራው ራሱ አያውቅም። ማረን ግን ትደርስበታለች። በሆዷ ተንሸራታ፣ በጉልበቷ ተንበርክካ፣ አንዳንዴም በጀርባዋ ተንጋላ፣ መሬት ሊነካ ስንዝር የቀረውን ኳስ በክንዷ ታነሳዋለች። ከጎተራ ጋር ሲጫወቱ ኳሱ የማን ነው የሚባል ጣጣ የለም። ችግሩ የጀመረው ሰው ሲጨመርበት ነው።

አሥረኛ ክፍል ስትገባ አሰልጣኝ ጎልድነር የትምህርት ቤቱ የመረብ ኳስ ቡድን ሊቤሮ አደረጓት። ሊቤሮ ከኋላ ሆና የባላጋራን ምት የምታነሳ ተጫዋች ናት። መረቡ ላይ ዘላ አትመታም፤ ነጥብ ብታስቆጥር እንኳ በሰው እጅ ነው። ሌሎቹ ሰማያዊ ማልያ ሲለብሱ እሷ ብቻ ብርቱካናማ ትለብሳለች። ያ ብርቱካናማ መንገድ ሲቆፈር እንደሚተከለው ምልክት ዓይነት ነው፤ የለበሰችው ልጅ ስታጠፋ ከአዳራሹ ውጭ የቆመ ሰው እንኳ ያያታል።

ማረን ማልያውን በተቀበለች ዕለት ቤቷ ገብታ በሯን ቆልፋ መስታወት ፊት ለበሰችው። ወደ ግራ ዞረች፣ ወደ ቀኝ ዞረች፣ ጎንበስ ብላ እጆቿን ዘረጋች። እናቷ ሎሬታ «ምን እያደረግሽ ነው?» ብላ ከውጭ ስትጣራ «ምንም!» ብላ በፍጥነት አወለቀችው። እንዲህ ያለ ነገር በጣም መፈለግ ያሳፍራታል። ከዚያ በፊት ይህን ያህል የፈለገችው ነገር ኖሮ አያውቅም።

እንግዲህ ሆስቲን ውስጥ መፈለግ ራሱ ነውር ነው ማለት ይቻላል። በዚያ አገር በሳህን ላይ የቀረችውን የመጨረሻ ቁራሽ ኬክ የሚያነሳ ሰው አይገኝም። አንዱ ለሁለት ይቆርጣትና ግማሿን ይወስዳል። ቀጥሎ የመጣው የቀረችውን ለሁለት ይቆርጣል። ሌላውም እንዲሁ። በመጨረሻ ወፍ እንኳ የማያጠግበውን ፍርፋሪ የቤቱ እመቤት በላስቲክ ጠቅልላ ፍሪጅ ታስገባዋለች።

መስቀለኛው መንገድ ደግሞ የባሰ ነው። ከተማው መሃል አራት መንገዶች ይገናኛሉ፤ በአራቱም በኩል የቁም ምልክት ተተክሏል። ሕጉ ቀድሞ የደረሰ ቀድሞ ይሂድ ይላል። የሆስቲን ሰው ግን ቀድሞ ከደረሰ በእጁ ሌላውን «እለፍ፣ እለፍ» ይላል። ሌላውም መልሶ «ኧረ አንተ እለፍ» ይላል። በዚህ ነገር የማረንን አባት ዴል ሲድላክን የሚስተካከለው አልተገኘም። ሎሬታ ከእሱ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የጥፍር ቀለሟን በቦርሳዋ ትይዛለች፤ መስቀለኛው ላይ ትቀባና ሲሻገሩ ደርቆላት ይገኛል።

ማረን የዚህ ሰው ልጅ ናት።

ጉዱ የታየው ቶቢን በሚባለው ጎረቤት ከተማ በተደረገው ጨዋታ ነው። ካፒቴኗ ካምሪን ቦምጋርት፣ በበር ስትገባ ጎንበስ የምትል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጅ፣ ከኋላ ከማረን አጠገብ ቆማለች። የቶቢኗ ልጅ ኳስ ለቀቀች። ኳሱ ቀስ ብሎ፣ የሚቸኩልበት ጉዳይ የሌለው መስሎ፣ በሁለቱ መሃል መጣ።

«ያንቺ ነው!» አለች ማረን።

«ኧረ አንቺ ውሰጂው!» አለች ካምሪን።

ኳሱ ሁለቱንም አዳምጦ ሲያበቃ መሃላቸው መሬት ላይ አረፈ።

«ይቅርታ!» አለች ማረን።

«የምን ይቅርታ፣ ጥፋቱ የኔ ነው!» አለች ካምሪን።

የቶቢን ልጆች ሞኞች አይደሉም። ከዚያ በኋላ የለቀቁትን ኳስ ሁሉ እዚያችው ቦታ ላይ አኖሩት። ሁለቱም ልጆች ኳሱ ሲወርድ ፈገግ ብለው ያዩታል፤ ከዚያ ይቅርታ ይባባላሉ። በመጨረሻ ከቶቢን በኩል አንዷ «እናንተ፣ ከፈለጋችሁ እኛ መጥተን እናንሳላችሁ!» ብላ ጮኸች። ከሆስቲን ሰው አንድም የተቆጣ አልነበረም። እየተሳቀባቸው እንኳ ቁጭ ብለው አጨበጨቡ።

ከማረን አባት በስተጀርባ የተቀመጠች ሴትዮ «ጥሩ ልጅ ናት» አለች በሐዘን።

«በጣም ጥሩ ልጅ» አለ ባሏ።

ሆስቲን ውስጥ ስለ አንድ ተጫዋች ከዚህ የከፋ ነገር አይባልም።

በማግስቱ ልምምድ ላይ አሰልጣኝ ጎልድነር ሁለቱን ልጆች ፊታቸው አቆሟቸው። አሰልጣኟ ስድሳ ያለፋቸው፣ ድንክ፣ ፊሽካቸው ከአንገታቸው የማይወርድ ሴት ናቸው። የትምህርት ቤቱን ልጆች መኪና መንዳት የሚያስተምሩትም እሳቸው ናቸው። ዴልንም ያስተማሩት እሳቸው ሲሆኑ እስከ ዛሬ ይጸጽታቸዋል።

«ማረን፣ ትናንት የወደቀው ኳስ የማን ነበር?»

«የ… የቡድኑ ነው፣ ኮች።»

«የቡድኑ! ለዚህ ነዋ ቡድኑ በሙሉ ቆሞ የቀበረው። 'የኔ' ብሎ መጮህ ምኑ ይከብዳል?»

«ካምሪን ፈልጋው ቢሆንስ ብዬ ነው።»

«ካምሪን፣ ፈልገሽው ነበር?»

«እኔማ ማረን ትፈልገዋለች ብዬ ተውኩላት፣ ኮች።»

አሰልጣኟ ዐይናቸውን ወደ ጣሪያው አነሱ፤ እዚያም የሚረዳቸው አላገኙም። ከዚያ ወደ አዳራሹ ጥግ ዞሩ። እዚያ ጆሲ ዉርም ከግድግዳ ጋር ትለማመዳለች። ጆሲ ዘጠነኛ ክፍል ናት፤ አንገቷ አጭር፣ ድምጿ ረጅም። የመጣውን ኳስ ሁሉ «የኔ!» ትላለች። ለካምሪን የተላከውን «የኔ!»፣ ከሜዳ የወጣውን «የኔ!»፤ አንድ ቀን እንዲያውም በሌላው ሜዳ ወንዶቹ የሚጫወቱበትን የቅርጫት ኳስ «የኔ!» ብላለች። ኳሱ ሲደርስላት ግን የሚያገኘው ግንባሯን ነው።

«አንቺንና ጆሲን አንድ ላይ የሚሰፋልኝ ሰው ባገኝ የነብራስካን ዋንጫ አነሳ ነበር» አሉ አሰልጣኟ። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስሚኝ ማረን። ሐሙስ ቶቢን እዚህ ይመጣሉ። የተሸነፈ ለዘንድሮ በቃው። ማልያው አንቺ ጋ ነው፤ ጨዋታውን አንቺ ትጀምሪያለሽ። ነገር ግን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ 'ያንቺ ነው' ስትዪ ከሰማሁ፣ አስወልቄሽ ጆሲን አለብሳታለሁ። እስከ ዓመቱ መጨረሻም እሷው ትለብሰዋለች።»

«እሺ፣ ኮች።»

«እሺ ስትዪኝማ ጎበዝ ነሽ።»

ጆሲ ይህን ከጥግ ሆና ሰምታ ኖሮ ልብስ መቀየሪያ ክፍል ውስጥ ማረንን ጠጋ አለቻት። «ቁጥሩ ስንት ነው? ይሰፋኛል እንዴ?»

«ትንሽ ጠበብ ይላል። ግን ከፈለግሽ…» አለችና ማረን ምላሷን ነከሰች። ደም እስኪመጣ ነው የነከሰችው። ጆሲ «ከፈለግሽ ምን?» ብላ ብትጠይቃትም አልመለሰችላትም። አፏ ውስጥ የጨው ጣዕም እያለ ልትሰጣት እንደነበር ታወቃት። ገና ማንም ሳይወስድባት፣ አጣጥፋ ልትሰጣት!

ማክሰኞ የመንዳት ትምህርት ተራዋ ነበር። የትምህርት ቤቱ መኪና በተማሪው በኩል መሪ፣ በአስተማሪዋ በኩል ደግሞ ፍሬን ብቻ አለው። ጊዜው በቆሎ የሚታጨድበት ስለሆነ ከተማው ውስጥ ወደ እህል ማስረከቢያው የሚሄድ የጭነት መኪና ይርመሰመሳል። አሰልጣኟ ሌላ መንገድ የሌለ ይመስል በቀጥታ ወደ መስቀለኛው ወሰዷት።

ማረን ቆመች። በግራ በኩል በቆሎ የጫነ መኪና መጥቶ ቆመ። በቀኝ በኩል የቤተ ክርስቲያናቸው ፓስተር በትንሽ መኪናቸው መጥተው ቆሙ። ከፊት ለፊት ደግሞ የመጣው ራሱ ዴል ነበር፤ የጭነት መኪናው ከአፉ ሞልቶ በቆሎው መንገድ ላይ ይንጠባጠባል።

«ማነው ቀድሞ የደረሰው?» አሉ አሰልጣኟ።

«እኛ።»

«እና?»

«ግን እነሱ ጭነዋል፣ ኮች። ፓስተሩ ደግሞ የታመመ ሰው ሊጠይቁ ይሆናል።»

ማረን እጇን ከመሪው አንስታ «እለፉ» አለች። የጭነት መኪናው ሾፌር «እለፊ» አላት። ፓስተሩ ሁለቱንም «እለፉ» አሉ። ዴል ሦስቱንም «እለፉ» አለ። ከሩቅ ያየ ሰው አራቱም ዝንብ የሚያባርሩ ይመስለው ነበር።

ሲቆይ ዴል ሞተሩን አጥፍቶ ወረደና ወደ ልጁ መስኮት መጣ።

«ማሪዬ፣ ሂጂ እንጂ። እኔ እኮ ምንም አልቸኩልም።»

«አንተ ቅደም አባዬ፣ ጭነሃል።»

«ኧረ ጭነቱ የትም አይሄድም። እንዴት ዋሉ ኮች? ሎሬታ ዛሬ ሩንዛ ጋግራለች፤ ዳቦው ውስጥ ሥጋና ጎመኑን አብዝታበታለች። ማታ ልላክልዎት?»

«ዴል!» አሉ አሰልጣኟ። «መኪናህ ውስጥ ግባ!»

«እሺ ኮች። ይቅርታ።» ተመልሶ ሲሄድ ግን ፓስተሩ አሳዘኑት መሰል፣ መንገዱ መሃል ቆሞ እንዲያልፉ በሁለት እጁ ጋበዛቸው። ፓስተሩ ደግሞ በክብር ተጋብዘው ዝም ማለት ከበዳቸውና እሳቸውም ወርደው ሊያመሰግኑት መጡ። ተጨባበጡ።

አሰልጣኝ ጎልድነር አልጮኹም። «በመስታወቱ ኋላችንን እይ» አሉ ብቻ።

ማረን አየች። መኪናው እስከ እርሻ መሣሪያ መሸጫው ድረስ ተሰልፏል። ከኋላዋ ያለው ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ ምሳውን ከፍቷል።

«አሁን ማንን ነው እያስቀደምሽ ያለሽው?»

ማረን ወደ ግራ አየች፤ የጭነት መኪናው ቆሟል። ወደ ቀኝ አየች፤ የፓስተሩ መኪና ባዶውን ቆሟል። «ማንንም» አለች ቀስ ብላ።

«እነዚህ ሁሉ ሰዎች አንቺን ነው የሚጠብቁት። ምን ልታደርጊ እንደሆነ አላወቁማ! ንገሪያቸው። ከነገርሻቸው የራሳቸውን ያውቁበታል።»

ማረን መስኮቱን እስከ ታች አወረደች። ደረቷን በአየር ሞላች። ምን ልትል እንዳሰበች እሷም አታውቅም፤ ከአፏ የወጣው ግን ይህ ነበር፦

«የኔ!»

እግሯ ነዳጁ ላይ ከሚገባው በላይ ተጫነ። መኪናው ዘሎ ወጣ። ፓስተሩና ዴል እጅ ለእጅ እንደተያያዙ ወደ ዳር ተፈናጠሩ። ማረን በመስቀለኛው አለፈች፣ ታጠፈች፣ ከዚያም ዐይኗን ገለጠች። በመስታወቱ ስታይ የተሰለፈው መኪና ሁሉ ተራ በተራ መንቀሳቀስ ጀምሯል።

አሰልጣኟ እግራቸውን ከፍሬኑ ላይ ቀስ ብለው አነሱ። «ስትታጠፊ መብራት አላሳየሽም» አሉ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ «ፈተናው ላይ ግን እንዳትጮሂ» አሉ።

ማታ እራት ላይ ዴል ማንኪያውን ይዞ ልጁን ትክ ብሎ ያያት ነበር። «ጮኸችብኝ እኮ» አለ ለሎሬታ። «በፓስተሩ ፊት።» ተቆጥቶ ይሁን ተደንቆ ፊቱ ላይ አልለየም፤ እሱም የለየው አይመስልም።

ሐሙስ ማታ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ወላጆች መግቢያው ጋ ቃሪያና ባቄላ የበዛበት የሥጋ ወጥ በኩባያ ይሸጣሉ፤ ሽታው ሜዳው ላይ ይደርሳል። የቶቢን ልጆች ሲገቡ ማረንን አይተው ተሳሳቁ። አንዷ አልፋት ስትሄድ «ዛሬም አንቺው ነሽ? ተመስገን!» አለቻት።

ፊሽካ ተነፋ። የመጀመሪያው ኳስ የታወቀችው ቦታ ላይ መጣ። ማረን አፏን ከፈተች። «የ…» አለች። ኳሱ ወደቀ። ተቀያሪዎቹ ጋ ጆሲ ጃኬቷን አወለቀች።

ሁለተኛውም እዚያው መጣ። ማረን ከጎን ወደ አሰልጣኟ አየች፤ አሰልጣኟ እሷን ሳይሆን አፏን ነበር የሚያዩት። «የኔ ይቅርታ!» ብላ ጮኸችና በጉልበቷ ተንሸራታ አነሳችው። ኳሱ ቀጥ ብሎ ወደ አቀባይዋ ሄደ፤ ካምሪን ከመረቡ በላይ ዘላ መታችው። ነጥብ።

«ይቅርታው ለማን ነው?» አለች ካምሪን እየሳቀች።

«እኔ እንጃ!»

«'የኔ'ና 'ይቅርታ' አብረው ነው እንዴ የሚሄዱት? እንደለመድሽው በይው በቃ።»

ሦስተኛው ጠንካራ ምት ነበር። ማረን «የኔ!» አለች፤ ይቅርታውን ረሳችው። ካምሪን ግን ማረን እንዲህ ትላለች ብላ አልጠበቀችምና እሷም ተወርውራለች። ኳሱ ከማረን ክንድ ላይ አምሮ ተነሳ። የማረን ክርን ደግሞ የካምሪን አፍንጫ ላይ አረፈ።

ከአቀባይዋ ኳሱ ወደ ሌላዋ አጥቂ ሄዶ ነጥብ ሲሆን ማረን አላየችም። ካምሪን በጀርባዋ ተንጋላ፣ አፍንጫዋን ይዛ፣ በጣቶቿ መሃል ደም ይወርዳል። ማረን አጠገቧ ተንበረከከች፤ ዐይኗ እንባ ሞላ። ስግብግብ ስትሆኚ የሚመጣው ይኸው ነው፤ ሰው ትገድያለሽ።

«ገደልኩሽ! ካሚ፣ ገደልኩሽ!»

«ኳሱ ተነሳ?» አለች ካምሪን በአፍንጫዋ።

«ተነስቷል።»

«ነጥብ ሆነ?»

«መሰለኝ።»

«ታዲያ ምን ታለቅሻለሽ? ጥጥ አምጪልኝ።» ካምሪን ቁጭ አለች። «ከአሁን በኋላ ስትጮሂ ቆሜ ነው የማይሽ። ላንቺ ብዬ እንዳይመስልሽ፤ ለአፍንጫዬ ነው።»

እንዳለችውም አደረገች። ማረን ስትጮህ ካምሪን በሁለት አፍንጫዋ ጥጥ ወትፋ ቆማ ታያለች፤ ወይም ቀድማ ወደ መረቡ ሄዳ ለመምታት ትዘጋጃለች። በሁለተኛው ዙር መጨረሻ ወደ ማረን ጠጋ ብላ «ታውቂያለሽ፣ ዓመቱን ሙሉ ዛሬ ገና አረፍኩ» አለቻት። «ከኋላዬ ኳሱን ማን እንደሚያነሳው ማወቅ እንዲህ ደስ ይላል?» ማረን እስከዚያ ኳስ ለሰው ስትተው ለሰው ያሰበች ይመስላት ነበር። ካምሪን ግን ዓመቱን ሙሉ ሁለት ሥራ ስትሠራ ኖራለች።

ከዚያ በኋላ ድምጿ ቁልቁል እንደሚወርድ ጋሪ ሆነ፤ የሚይዘው ጠፋ። የቶቢን ልጆች መሃል ላይ ቢልኩ አለች፤ ጥግ ላይ ቢልኩ አለች። በኃይል ቢመቱ ታነሳለች፤ አታለው ጠብ ቢያደርጉት በሆዷ ተንሸራታ መዳፏን ከሥሩ ትሸጉጣለች። ቅድም የተሳለቀችባት ልጅ በጥያቄ ዐይን የራሷን አሰልጣኝ አየች፤ እሱም ትከሻውን ሰበቀ።

ያቺ በቶቢን «ጥሩ ልጅ» ያለቻት ሴትዮ ከላይ ሆና «ምን ዓይነት ባለጌ ልጅ ናት!» አለች፤ ፊቷ በደስታ ቀልቷል።

«የዴል ልጅ አይደለች? ከየት አመጣችው?» አለ ባሏ።

ሁለቱም ቡድኖች ሁለት ሁለት ዙር አሸንፈው የመጨረሻው ተጀመረ። ሆስቲን ሊያሸንፍ አንድ ነጥብ ሲቀረው የቶቢኗ ረጅም ልጅ በሙሉ ኃይሏ መታች። ኳሱ የሆስቲንን ተከላካዮች ጣት ነክቶ አቅጣጫውን ለወጠና ከሜዳው ወጥቶ ወደ ተመልካቹ በረረ። ማረን «የኔ!» ብላ ከሥሩ ሮጠች።

ኳሱ በሚሄድበት በኩል ዴል ቆሟል። ሁለት ኩባያ ወጥ በእጁ ይዟል። ሰው ሁሉ ሲቀመጥ እሱ የቆመው አንድ ሰው ወደ ወንበሩ እንዲያልፍ መንገድ ለመልቀቅ ነበር። ልጁ እየበረረች ስትመጣ ሲያይ እንደ ልማዱ ወደ ግራ ፈቀቅ አለላት። ማረን ወደዚያው ነበር የምትሄደው። እሷ ወደ ቀኝ ስትል እሱም «ይቅርታ» ብሎ ወደ ቀኝ አለ።

«አባዬ! ቁም!» ብላ ጮኸች ማረን። «የኔ ነው! ዝም ብለህ ቁም!»

ዴል እንደ ስልክ እንጨት ቀጥ አለ። ማረን በብብቱ ሥር ሾልካ ጀርባዋን ለሜዳው ሰጥታ ኳሱን በጡጫዋ ወደ ኋላ ወረወረችው። ራሷ ግን መቆም አልቻለችም፤ አንዱን ኩባያ ወጥ ተሸክማ ፓስተሩ ጭን ላይ አረፈች። ኳሱ ከየት እንደመጣ የቶቢን ልጆች ሳይገባቸው በአየር ላይ ተመለሰ። ካምሪን ከነጥጧ ዘላ መታችው። የማረን ፊት በወጥና በፓስተሩ ከረባት ተሸፍኖ ስለነበር ማሸነፋቸውን ያወቀችው ከጩኸቱ ነው።

«አልተጎዳሽም ልጄ?» አሉ ፓስተሩ።

«አልተጎዳሁም። ይቅር…» አለችና አሰበችበት። ወጡ ሱሪያቸው ላይ ነው። «ይቅርታ» አለች። ይሄኛው እንኳ የሚገባ ነበር።

ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ ጩኸቱ ሲበርድ ልጆቹ ማልያቸውን እያወለቁ ለእጥበት ቅርጫት ውስጥ መጣል ጀመሩ። ማረን ብርቱካናማውን አውልቃ በእጇ ይዛዋለች። ደረቱ ላይ ትልቅ የወጥ ምልክት አለ። ጆሲ መጣች፤ የወትሮው ድምጿ አልነበረም።

«ማሪ… ማክሰኞ ጨዋታ ላይ እኔ ልልበሰው? አንድ ዙር ብቻ። እባክሽ።»

ጆሲ ዉርም «እባክሽ» ስትል የሰማ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ካምሪን ከጥጧ በላይ ቀና ብላ አየች። አሰልጣኟ በሩ ላይ ቆመው ጣልቃ አልገቡም። የማረን እጅ ማልያውን ይዞ መዘርጋት ጀምሮ ነበር፤ እጇን አየችውና መለሰችው።

«አይሆንም፣ ጆሲ» አለች። «የኔ ነው።»

«እሺ» አለች ጆሲ።

በቃ፤ ይኸው ነው። ጆሲ ሄዳ ጫማዋን መፍታት ጀመረች። ጣሪያው አልወደቀም። ማረን ማልያውን ቅርጫት ውስጥ አልጣለችውም፤ ራሴ አጥበዋለሁ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። አሰልጣኟም አልከለከሏትም።

ቅዳሜ ጠዋት ግን አንጀቷ አላስችላት አለ። ተነስታ አንድ ትሪ የቸኮሌት ኬክ ጋገረችና ገና ሳይቀዘቅዝ ይዛ ጆሲ ቤት ሄደች። ጆሲ ፀጉሯ እንደ ተንጨባረረ በሩን ከፈተች።

«ማልያውን አመጣሽልኝ?»

«አይ። ኬክ ነው።»

ጆሲ ትሪውን ተቀብላ ሽፋኑን ገለጥ አደረገች። በሩ ላይ እንደቆመች አንድ ቁራሽ አንስታ አፏ ውስጥ ከተተች፤ ሁለተኛውን ደገመች። ማረን እንድትቀምስ አልጋበዘቻትም።

«በሚቀጥለው ዓመትስ?» አለች አፏ እንደሞላ።

ማረን መሬት መሬት አየች። የትሪው ሙቀት ገና መዳፏ ላይ ነበር። «በሚቀጥለው ዓመትም የኔ ነው» አለች፤ ደህና ዋዪ ብላም መንገዷን ጀመረች። ቤቷ እስክትደርስ ድረስ ሁለት ጊዜ ዞር ብላ አየች፤ አልተመለሰችም ግን።